መልስ፦ ባስ ሲመጣ የሚንቀጠቀጥ የድሮ ስፒከር ሳጥን

ባስ ሲመጣ ሳጥኑ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም ይድበሰበሳል ላልከው፣ መጀመሪያ የሳጥኑን ግድግዳ ጠርጥር። ሙዚቃ ከፍተህ ጎኑን በመዳፍህ ጫን በለው፤ ድምፁ ከጠራ አገኘኸው።

ሁለቱን ትልልቅ ጎኖች ከውስጥ በአንድ እንጨት አያይዛቸው። እንጨቱን ጠበቅ ብሎ እንዲገባ ቁረጠውና ከመሃል ትንሽ ፈቀቅ አድርገህ በእንጨት ኮላ አጣብቀው። ትልቁን ለውጥ የምትሰማው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጠቀጥቀው ስፖንጅ፣ በሳጥኑ ውስጥ የሚንጫጫውን የመሃል ድምፅ (ከባስ ቀጠን ያለውን) ይውጣል እንጂ የግድግዳውን ንዝረት አያስቆምም። የተላቀቀ መገጣጠሚያ ካለም ድፈነው።

አደራ፣ የአየር ቀዳዳ ካለው እሱን እንዳትደፍን! ብዙ ጥሩ ሳጥን ሲበላሽ ያየሁት በዚህ ነው። ቀዳዳው ከሳጥኑ የውስጥ ስፋት ጋር ተለክቶ የተሠራ ነው፤ እንጨት ካበዛህም የሳጥኑ የውስጥ ስፋት ይቀንሳል፣ ባሱም ይለወጣል።