ከጊንጥና ከእባብ መርዝ ይሠራል ስለተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት፦ ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

እህታችን የጠየቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከጊንጥና ከእባብ መርዝ ጀርም የሚገድል አዲስ መድኃኒት ተገኘ የሚለው ዜና እውነት ከሆነ መድኃኒቱ ሐዋሳ ይገኛል ወይ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በስኳር ሕመም ሳቢያ እግራቸው ቆስሎ አልድን ያላቸው አባትዎ በንብ ቢነደፉ ይጠቅማቸው እንደሆነ ነው። እዚሁ ሐዋሳ በሕክምና ላቦራቶሪ የማይክሮባዮሎጂ ክፍል ለዓመታት የሠራሁ በመሆኔ፣ በሥራዬ ከማየው ተነሥቼ እመልስልዎታለሁ።

ዜናው መሠረት አለው፤ መድኃኒቱ ግን በእኛም ሆነ በየትኛውም አገር ፋርማሲ የለም። ከመርዝ ጥናት ተነሥተው ለሰው የተፈቀዱ መድኃኒቶች የሉም ማለቴ አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የተፈቀደው የደም ግፊት መድኃኒት ካፕቶፕሪል የተገኘው ጃራራካ በተባለ የብራዚል እፉኝት መርዝ ላይ ከተደረገ ምርምር ሲሆን፣ በከተማችን ብዙ ሰው የሚውጠው ኢናላፕሪልም የዚያው ቤተሰብ ነው። በ2005 ለስኳር ሕመም የተፈቀደው ኤክሰናታይድም ከአንድ መርዛማ እንሽላሊት ምራቅ የመጣ ነው። ለፀረ-ባክቴሪያነት የተፈቀደ ግን እስካሁን አንድም የለም።

ምክንያቱ መርዙ ጀርም መግደል ስላቃተው አይደለም፤ መግደሉንስ በደንብ ይገድላል። በንብ፣ በተርብና በጊንጥ መርዝ ውስጥ ፔፕታይድ የሚባሉ አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለቶች አሉ፤ ብዙዎቹ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው አሉታዊ ሙል ባለው የባክቴሪያ ሽፋን ላይ ይለጠፉና ሽፋኑን ይበሱታል። ችግሩ የእኛንም ሕዋስ መጉዳታቸው ነው። ሜሊቲን የተባለውና ከደረቅ የንብ መርዝ ግማሽ ያህሉን የሚይዘው ባለ 26 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ቀይ የደም ሕዋስንም ያፈነዳል። በእኛ ክፍል የበግ ደም የተቀላቀለበት ቀይ ፕሌት (የጀርም ማሳደጊያ ሳህን) በየቀኑ እንጠቀማለን፤ አንዳንድ ባክቴሪያ ሲያድግበት ዙሪያው ደሙ ተበልቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ጥርት ያለ ቀለበት ይወጣል። መድኃኒት የተነከረበት ትንሽ ክብ ወረቀት (ዲስክ) በምናስቀምጥበት ሌላው ፕሌት ላይ ደግሞ ጀርሙ ያልበቀለበትን ባዶ ክብ በማስመሪያ እንለካለን። ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ክብ የሚያሰፋ፣ የመጀመሪያውን ግን ጨርሶ የማያወጣ ነገር ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ነው ዓመታት የሚፈጀው።

ይህን ለማድረግ መርዙን እንዳለ መጠቀም ሳይሆን ማረም ያስፈልጋል። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ማስቶፓራን-ኤል የተባለውን የተርብ ፔፕታይድ አንዱን ጫፍ ለውጠው ለሰው ሕዋስ ያለውን ጎጂነት ከቀነሱ በኋላ፣ ለሞት የሚያበቃ መጠን ኢ. ኮላይ ወይም ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለ ባክቴሪያ ተሰጥቷቸው በተለወጠው ፔፕታይድ ከታከሙት አይጦች 80 በመቶው ተርፈዋል። ለእኔ ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠኝ ግን የሜክሲኮው ጊንጥ ነው፤ በ2019 ይፋ በሆነው ጥናት ቀለም የሌለው መርዙ አየር ሲያገኘው ተለውጦ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ውህድ ተለይቶበታል፤ ቀዩ ስታፊሎኮከስን፣ ሰማያዊው የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ገድሏል። እነዚህ ፔፕታይድ ሳይሆኑ ትናንሽ ሞለኪውሎች ስለሆኑ ጊንጥ ማለብ ሳያስፈልግ በላቦራቶሪ መሥራት ተችሏል። ፔፕታይድ ግን ለመሥራት ውድ ነው፤ ቢዋጥም ሆድ ውስጥ እንደ ሥጋ ይፈጫል። «ጀርም ፈጽሞ አይለምደውም» የሚባለውንም አልቀበለውም፤ የባክቴሪያን ሽፋን በመጉዳት የሚሠራውን ኮሊስቲን የተባለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የሚያከሽፍ፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ዘረመል በ2015 ቻይና ውስጥ መገኘቱ ተዘግቧል።

ወደ አባትዎ ልመለስ። በንብ ማስነደፉን እባክዎ ይተዉት። አንዲት ንብ የምትለቀው መርዝ ከአንድ ሚሊግራም እጅግ ያነሰ ነው፤ ደም በቅጡ በማይደርስበት የእግር ቁስል ሥር ለተደበቀ ጀርም ምንም አያደርግም፤ አለርጂ ካለባቸው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ሊያሳጥርና ሊገድል ይችላል። በስኳር ሕመም የደነዘዘ እግር ላይ ደግሞ ንድፊያው ራሱ ሌላ ቁስል ይከፍታል።

ይልቅ የሚታከሙበት ሐኪም ካልቸርና ሴንሲቲቪቲ (ጀርሙን አብቅሎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያሳይ ምርመራ) እንዲያዝላቸው ይጠይቁ። በየሳምንቱ የማየው ችግር ናሙናው ሰውየው ሴፍትሪያክሶን የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መርፌ ለቀናት ከተወጋ በኋላ፣ ያውም ከላይኛው መግል ተጠርጎ መምጣቱ ነው፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ወይ ምንም አያበቅልም፣ ወይ የቆዳውን ተራ ጀርም ያበቅላል። ቁስሉ በደንብ ከተጠረገና የሞተው ሥጋ ከተነሣ በኋላ፣ ከሥሩ ትንሽ ሥጋ ተወስዶ፣ የሚቻል ከሆነ አዲስ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ወዲያው ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። ትኩሳት ካላቸው ወይም እግሩ እየጠቆረ ከሆነ ግን ሕክምናው ውጤት እስኪመጣ አይቆይም፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ያድርሷቸው። ውጤቱ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይፈጃል። እስካሁን የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ስም በወረቀት ጽፈው፣ ባዶ ማሸጊያዎቹንም ጭምር ይዘው ይምጡ፤ የሐኪሙም የእኛም ሥራ ይቀላል።