ለስብሰባ ናይሮቢ ስትሄዱ ወፍ ማየትና ፎቶ ማንሳት፦ ጥያቄና መልስ

ለሥራ ናይሮቢ የምትመላለሱ ሰዎች ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ። ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። ፓርክ ውስጥ ከተፈቀደ ቦታ ውጭ ከመኪና አትውረዱ። ጎጆ አጠገብ አትሂዱ። በሉ ጠይቁ።

ከሳሪስ፦ ጋሼ፣ ስብሰባው ሦስት ቀን ነው፤ ነፃ የምሆነው አንድ ጠዋት ብቻ ነው። የት ልሂድ?

መልስ፦ ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ። ሌላ ቦታ አታስብ። እ.ኤ.አ. በ1946 የተከለለ ነው፤ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ሜዳና ጫካ ከከተማው መሐል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄድ ታገኘዋለህ። ዋናው በር ላንጋታ መንገድ ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል፣ አንተም ያኔ እዚያ መድረስ አለብህ። ክፍያው በኦንላይን ስለሆነ ማታውኑ ሆቴል ሆነህ ጨርሰው፤ በር ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም።

ሹፌሩን ከመነሳታችሁ በፊት አነጋግረው። ካልነገርከው አንበሳ ታየ የተባለበት ቦታ ሁሉ ይዞህ ሲሮጥ ጠዋትህ ያልቃል። “ወፍ ነው የማየው፣ ቀስ በል፣ ቁም ስልህ ሞተር አጥፋ” በለው። ወፍ መኪናን ብዙም አይፈራም፤ ሰው ከመኪና ሲወርድ ነው ብድግ የሚለው። አንድ ኩሬ ዳር ሞተር አጥፍቶ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ፓርኩን ሙሉ ከዞረው ሰው የበለጠ ያያል።

ከአዳማ፦ እዚያ ሄጄ አገሬ ላይ የማላየው ምን አለ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አባ ኮዳ ከሆነ ሐዋሳ ሞልቶልሃል። ዓሣ አዳኙን ንስር ዝዋይ ታየዋለህ፤ ለሱ ብለህ ናይቫሻ ሐይቅ ድረስ አትንዳ። ክሬን የሚባለው ባለ ረጅም እግር ወፍ፣ ዘውድ ያለው፣ እኛ ዘንድ ጥቁሩ ነው፣ እዚያ ያለው ግራጫው ነው። እሱም የመጥፋት አደጋ ላይ ከሚባሉት ገብቷል፤ ካገኘኸው ጊዜ ስጠው።

እኔን ግን የሚያስገርመኝ የጃክሰን ዊዶውበርድ ነው። የኬንያና የሰሜን ታንዛኒያ ደጋ ሣር ላይ ብቻ የሚኖር ትንሽ ወፍ ነው። ሌላ ጊዜ ብታየው ቡናማ ነው፣ ዞር ብለህም አታየውም። የመራቢያ ጊዜው ሲደርስ ወንዱ ጥቁር ይለብሳል፣ ረጅም ጅራት ያወጣል። ከዚያ ሣር መሐል መጨፈሪያውን ያዘጋጃል። ዙሪያውን እየረገጠና እየነጨ ክብ አድርጎ ያስተካክላል፤ መሐሉ ላይ አንድ ጭብጥ ሣር ቆሞ እንዲቀር ይተዋል። ከዚያ መዝለል ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጅራቱን ቀልብሶ፣ እግሩን እያንፈራገጠ ይነሳል። ያርፋል፣ ደግሞ ይነሳል። ከሩቅ የምታየው ሜዳው ላይ እዚህም እዚያም ጥቁር ነገር ብቅ ጥልቅ ሲል ነው።

ለፎቶ ደግሞ ምቹ ነው፤ የሚዘለው ከዚያችው ቦታ ነውና። ፎከስህን ከሣሩ ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርገህ ያዝና ጠብቀው። ሹተሩ፣ ማለትም የማንሻው ፍጥነት፣ ከ1/2000 ሰከንድ አይዘግይ። ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት ገደማ እስከ ግንቦት ነው፤ ሣሩ ሲረዝም ሂድ። እና አደራ፣ ቀረብ ልበል ብለህ ከመኪና እንዳትወርድ። አንበሳውም እዚያው ሣር ውስጥ ነው የሚተኛው።

ከመገናኛ፦ የትኛው ካሜራ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለምን ዓይነት ሥራ? በጀትህስ? እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የለኝም።

ከመገናኛ፦ እሺ፣ ክሮፕ ሴንሰር (ሴንሰሩ አነስ ያለ) ካሜራና ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚያቀርብ ሌንስ አለኝ።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። ይበቃሃል። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) አትሸከም፤ መኪና ውስጥ አይረዳህም። የጨርቅ ከረጢት ባዶውን ይዘህ ሂድ፣ እዚያ ሩዝ ገዝተህ ሙላውና መስኮቱ ላይ አስቀምጠው፣ ሌንሱን እሱ ላይ አስደግፍ። ፌስታል ግን ይዘህ እንዳትገባ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አግዳዋለች። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ፓርክ ውስጥ የሃይላንድ ጠርሙስም አይፈቀድም። ውሃህን በኮዳ ያዝ።

ከጎንደር፦ እኔ የማይገባኝ፣ አገራችን ስንት ብርቅ ወፍ እያለ ለምን ኬንያ?

ከቦሌ፦ ወንድሜ፣ ሰውዬው ለሥራ ተልኮ ነው እኮ የሄደው። መርጦ አይደለም።

ከጎንደር፦ ቢሆንም። ሰሜን ተራሮችን ሳያይ ናይሮቢ ላይ ካሜራ የሚያወጣ ሰው ብዙ ነው።

ከሲኤምሲ፦ ካሜራስ ለምን? አሁን ስልክ ሁሉን ያነሳል።

ከቦሌ፦ በስልክ ያነሳኸውን ወፍ እስቲ አሳየን።

መልስ፦ የጎንደሩ፣ ሐቅ አለህ፣ ግን የዛሬው ርዕስ አይደለም። ስልኩን በተመለከተ፦ ለሜዳው ይሆናል፣ ለወፍ አይሆንም። እንቀጥል።

ከሐያት፦ በስልክ የወፍ ድምፅ ከፍቶ መጥራትስ?

መልስ፦ አታድርጉት። ወፉ የሚመጣው ሌላ ወንድ ክልሌ ውስጥ ገባ ብሎ ሊጣላ ነው። የሚበላበትንና ጫጩት የሚጠብቅበትን ሰዓት ትሰርቁታላችሁ። ጎጆም እንደዚሁ ነው። እናቲቱ ተደናግጣ ስትነሳ ቁራ እንቁላሉን ያያል። አንድ ፎቶ ያን ያህል ዋጋ የለውም።

ከጀሞ፦ ድሮን መውሰድ ይቻላል?

መልስ፦ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። እቤት ተወው።

ከሰሚት፦ አውራሪስ አንስቼ ነበር፣ ፎቶውን ከነቦታው ልለጥፈው?

መልስ፦ ፎቶውን ለጥፊ፣ ቦታውን በፍጹም። ጂፒኤሱንም ከፎቶው ላይ አጥፊ። አዳኞችም ፎቶ ያያሉ። እዚያው ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989 ፕሬዚዳንት ሞይ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ ያቃጠሉበት ቦታ አለ፤ መውረድ ከሚፈቀድባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ወርደሽ እይውና ቀንዱና ጥርሱ ምን እንዳስከተለ አስቢ።

ከልደታ፦ ሆቴል ግቢ ጠዋት ጠዋት የሚንጫጫው ትልቅ ወፍ ምንድን ነው? የአዲስ አበባው መሰለኝ።

መልስ፦ ሃዳዳ አይቢስ ነው። አዲስ አበባ ሣር ላይ የሚለቅመው ዋትልድ አይቢስ የቅርብ ዘመዱ ነው። የኛው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለም።

ከካዛንቺስ፦ ጋሼ፣ እኔም አንድ ጠዋት ብቻ ነው ያለኝ፣ የት ልሂድ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። እባካችሁ፣ አንብባችሁ ጠይቁ።

ከአራት ኪሎ፦ እኔ የምሄደው ሐምሌ ላይ ነው፣ ስብሰባውም ጊጊሪ የሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ አላገኝም።

መልስ፦ ካሩራ ጫካ ሂጂ፣ ጊጊሪ አጠገብ ነው። እዚያ በእግር መሄድ ይቻላል። የኬንያዋ የአካባቢ ጥበቃ ታጋይ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ተደብድባም ቢሆን ሕንፃ ሊሠሩበት ከነበሩ ሰዎች ያስጣለችው ጫካ ነው። ሃርትላውብ ቱራኮን ፈልጊ። ቅርንጫፍ ላይ ሲቀመጥ አረንጓዴ ነው፤ ሲበር ክንፉ ውስጥ ደም የመሰለ ቀይ ይወጣል። ያ ቀይ ቀለም መዳብ አለበት፣ ከቱራኮ ዘመዶች ሌላ የትኛውም ወፍ የለውም። ሐምሌ ላይ ናይሮቢ ደመናማና ቀዝቃዛ ነው፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ይብስ ይጨልማል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ለማድረግ አትፍሪ። ሹራብም ያዢ።