የገብስ ገለባ እየበሉ የሚከሱ በጎች

ጥያቄ፦ «የምኖረው መንዝ ነው። ዘንድሮ ገብሱም ባቄላውም ደህና ስለያዘልኝ ሁለት ክምር ገለባ አለኝ። ነገር ግን 11 በጎቼ ጠዋትና ማታ የገብስ ገለባ እየበሉ ሆዳቸው ይነፋል እንጂ ጀርባቸው አጥንት ሆኗል። ሦስቱን ጠቦቶች ለፋሲካ ለመሸጥ አስቤያለሁ፤ አራቱ እናቶች ደግሞ አርግዘዋል። ጎረቤቴ ገለባውን በዩሪያ ማዳበሪያ አሽተሽ ስጪያቸው ትለኛለች፤ እኔ ግን ይገድልብኛል ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እኅቴ፣ በጎችዎ የከሱት መኖ አንሷቸው አይደለም። የሚበሉት ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ አይብላላላቸውም።

በግ ገለባን በራሷ አቅም አትፈጭም። የሚያብላሉላት በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። እነሱም እንዲሠሩ መብል ይፈልጋሉ፤ ከመኖው ውስጥ ቢያንስ 7 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ካልሆነ ይዳከማሉ። የገብስ ገለባ ያለው ከ3 እስከ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ገለባው ሳይብላላ ጨጓራ ውስጥ ይሰነብታል፤ በጓም ሆዷ ሞልቶ ሌላ ለመብላት ቦታ ታጣለች። ሆድ ተነፍቶ ጀርባ የሚመነምነው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ እዚያው ግቢዎ ውስጥ ተከምሯል። የባቄላ ገለባ አብዛኛውን ጊዜ ከገብሱ እጥፍ የሚጠጋ ፕሮቲን አለው። መልኩ ጠቁሮ አገዳው ስለሚሻክር ግን ይናቃል፤ ለማገዶ የሚማግደውም አለ። ይህን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ። እስቲ አንድ እቅፍ አቅርበው ገንዳው አጠገብ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። በጓ ወፍራሙን አገዳ በአፍንጫዋ ወዲያ ትገፋና ከሥር ያለውን ጥቁር ቅጠልና የፍሬውን ሽፋን በከንፈሯ ትለቅማለች። ምርጫዋ ትክክል ነው፤ ጥሩው መኖ ያለው እዚያ ነው። «ካልጨረስሽ አልጨምርልሽም» ብለው አገዳውን እንድትበላ አያስገድዷት። ከሰጧት ውስጥ ሲሶው ቢተርፍ ምንም አይደለም፤ ትራፊውን ለበሬው ወይም ለጉዝጓዝ ያውሉታል። አውድማ ላይ የረገፈውንም ቅጠል ጠርገው በጆንያ ያስቀምጡ።

20 ኪሎ የምትመዝን የመንዝ በግ በቀን የምትበላው ደረቅ መኖ 600 ግራም አካባቢ ነው። ትራፊውን ጨምረው 900 ግራም ያህል ያቅርቡላት። የባቄላው ገለባ ለሁሉም እኩል ይዳረስ አይበሉ። መጀመሪያ ለሦስቱ ጠቦቶችና ሊወልዱ አንድ ወር ተኩል ለቀራቸው እናቶች ይስጡ፤ በዚያ ጊዜ ግልገሉ በማኅፀን ውስጥ በፍጥነት ስለሚያድግ እናቲቱ ከገዛ ሥጋዋ ነው የምትከፍለው። ለሌሎቹ ገብሱን ከትንሽ ባቄላ ጋር ቀላቅለው ይስጡ። የገብሱ ጢም አፋቸውን እንዳያቆስል ጨው የሟሟበት ውኃ አርከፍክፈውበት ይቅረብ፤ አቧራውም ይቀንሳል፣ በጎቹም ይወዱታል። ደረቅ ገለባ የሚበላ እንስሳ ውኃ ካላገኘ መብሉንም ይተዋል፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ ይጠጡ።

ለፋሲካ የታሰቡት ጠቦቶች በገለባ ብቻ ሙክት አይሆኑም። በዓሉ ሦስት ወር ሲቀረው ጀምረው ለእያንዳንዳቸው በቀን 300 ግራም ያህል ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረውን)፣ ሁለት እጅ ፉርሽካ ለአንድ እጅ ፋጉሎ ቀላቅለው ይስጡ። በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ያለማምዷቸው። ፋጉሎው ከተወደደብዎ የጠላ አተላ ጥሩ ምትክ ነው፤ ሰንብቶ የሻገተውን ግን እንዳይሰጡ።

ስለ ዩሪያ መፍራትዎ ተገቢ ነው። በትክክል ከተሠራ ገለባውን ያለሰልሳል፣ ፕሮቲኑንም ከፍ ያደርጋል፤ በስህተት ግን ይገድላል። ለ25 ኪሎ ገለባ 1 ኪሎ ዩሪያ በአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ በደንብ ይሟሟል። ፕላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ገለባውን በስሱ እየነሰነሱ፣ ውኃውን እኩል እያርከፈከፉ፣ በእግር እየረገጡ ይሞሉታል፤ ከዚያም አየር እንዳይገባ ይደፈናል። በቆላ ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። እንደ መንዝ ባለ ውርጫም አገር ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው አይክፈቱት። ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይኖረዋል፤ የሚበሉትን ያህል ብቻ አውጥተው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያናፍሱት። ጡት ላልጣሉ ግልገሎች፣ ለአህያና ለፈረስ አይሰጥም።

አደጋው ከገለባው ይልቅ ከውኃው ነው። አንድ ቤት ዩሪያ የተበጠበጠበት ሳፋ ሳይደፋ ቀርቶ፣ ከስምሪት የተመለሱ በጎች ጠጥተውት ከማምሻው በፊት ሲያልቁ አይቻለሁ። የሚንቀጠቀጥ፣ አረፋ የሚደፍቅና ሆዱ የሚነፋ በግ ካዩ ግማሽ ሊትር ያህል አቼቶ በእኩል ቀዝቃዛ ውኃ አቅጥነው ቀስ ብለው ያጠጡትና ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ለእርስዎ የምመክረው ግን ዘንድሮ የባቄላውን ገለባ በአግባቡ እንዲጠቀሙበት ነው። ዩሪያውን ለከርሞ፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ አጠገብዎ ቆሞ ይሞክሩት።

የበልግ ዝናብ ሳይደርስ የባቄላውን ክምር ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አውጥተው ይክደኑ፤ የሻገተ ገለባ ያረገዘችን በግ ሊያስወርዳት ይችላል።

ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ግን ነገ ጠዋት አንድ ነገር ይዩልኝ። የከሱትን በጎች የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣትዎ ዝቅ አድርገው ይመልከቱ። ውስጡ ቀይ ከሆነ ችግሩ እንዳልኩት የመኖው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ነጣ ካለ፣ በተለይም አገጫቸው ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ካለ፣ የጉበት ትል ሊሆን ስለሚችል ፋጉሎ ከመግዛትዎ በፊት ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ይውሰዷቸው።