ኮንክሪት ሕንፃ፣ መሬት መንቀጥቀጥና ነፋስ፦ ከመዋቅር መሐንዲስ ጋር ጥያቄና መልስ

የሰሚት ልጅ፦ በ2017 ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ሕንፃችን ደህና ነው?

መሐንዲሱ፦ ሳላየው ደህና ነው አልልም። ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) ላይ፣ ወይም ኮለንና ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) በሚገናኙበት ቦታ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ የመዋቅር መሐንዲስ ጠርታችሁ አሳዩ።

ቤት ሠሪዋ፦ ጂ ፕላስ 2 ጀምሬያለሁ። ለጥንካሬ ፌሮውን (ኮንክሪቱ ውስጥ የሚገባውን ብረት) ላወፍረው?

መሐንዲሱ፦ እህቴ፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ቋሚው ፌሮ ነው። ስለ ስታፋ፣ ቋሚውን ፌሮ ዙሪያውን ስለሚያስረው ቀጭን ብረት፣ የሚጠይቅ የለም። መሬት ሲንቀጠቀጥ ኮለን በብዛት የሚጎዳው ከላይና ከታች ጫፉ ላይ ነው። እዚያ ኮንክሪቱ ሲፈረካከስ አፍኖ የሚይዘው ስታፋው ነው። ስታፋው ከተከፈተ ቋሚው ፌሮ ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ ከዚያ ሶሌታው (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ይወርዳል። በ2015 ዓ.ም. ቱርክ ውስጥ ሶሌታ በሶሌታ ላይ ተነባብሮ ያየነው አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሳይት ሂጂና የስታፋውን ጫፍ እዪ። 90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ ከኮለኑ ፊት ጋር ከተኛ፣ ላዩን የሸፈነው ኮንክሪት ሲራገፍ ይከፈታል። 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮለኑ ሆድ መግባት አለበት። ስታፋው 8 ሚሊ ከሆነ፣ ከመታጠፊያው በኋላ ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ጫፍ ሊቀር ይገባል። በስታፋና በስታፋ መካከል ያለው ርቀትም ከላይ እስከ ታች እኩል አይደለም። መሃል ላይ ሊሰፋ ይችላል፣ ጫፎቹ ላይ ይጠባል። ቋሚው ፌሮ 14 ሚሊ ከሆነ ጫፎቹ ላይ ከ11 ሴንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም። ኮለንና ቢም የሚገናኙበት ውስጥም ስታፋ ይገባል። ፌሮው ስለሚጨናነቅ ብዙዎች ይዘሉታል፣ አይዘለልም!

ቢሙን ደግሞ ከዲዛይኑ ውጪ አታወፍሪ። ቢሙ ከበረታ ኮለኑ ቀድሞ ይሰበራል።

ፎርማኑ፦ ኢንጂነር፣ 135 ማጠፍ ጊዜ ይፈጃል። ሁሌ በ90 ነው የምንሠራው፣ የወደቀብን የለም።

የአዳማው፦ በኃይለኛ መንቀጥቀጥ የተፈተነብን የለም በል እንጂ።

ፎርማኑ፦ ባለቤቱ በዋጋ ይጨቃጨቃል፣ ጥፋቱ የእኛ ይሆናል?

የአዳማው፦ ታዲያ ንገረው! ባለቤቱ ስለ ስታፋ ምን ያውቃል?

መሐንዲሱ፦ ወንድሞቼ፣ ጥፋተኛ ፍለጋውን ተዉት። በ1898 ዓ.ም. የላንጋኖው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በ1953 የካራ ቆሬው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ማጀቴን አፍርሷል። ያኔ ጂ ፕላስ 4 በየሰፈሩ አልነበረም።

እንግዳ 12፦ ቤቴ ስንት ሬክተር ይችላል?

መሐንዲሱ፦ ይህ ጥያቄ ስንት ጊዜ ተጠየቀ! ቤት በሬክተር አይነደፍም። የሚነደፈው ቤቱ ያለበት መሬት በሚናጥበት ፍጥንጥነት (ፍጥነቱ በሚለዋወጥበት መጠን) ነው። ከመንቀጥቀጡ መነሻ ያለው ርቀትና አፈሩ ይወስኑታል። በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ለአዲስ አበባ የተያዘው የመሬት ስበት ፍጥንጥነት 5 በመቶ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. 10 በመቶ ሆኗል። የቤትህ ፕላን በየትኛው እንደተሠራ ጠይቅ።

ባለ ሱቅ፦ ምድር ቤቱ ሱቅ ነው። ግድግዳውን አንስቼ ላስፋው?

መሐንዲሱ፦ አይሆንም። ከላይ በብሎኬት የተሞላ፣ ከታች ክፍት የሆነ ሕንፃ እንቅስቃሴው ሁሉ ምድር ቤቱ ኮለኖች ላይ ይከማቻል። መሐንዲስ ሳያሰላው ግድግዳ አይነሳም፣ ኮለንም አይነካም።

የፍሎሪዳው፦ ነፋስስ? እዚህ ለሃሪኬን ጣሪያውን በብረት ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር እናስረዋለን።

መሐንዲሱ፦ ለጂ ፕላስ 2 ኮንክሪት ነፋስ ብዙ አያሳስብም። ክብደት በነፋስ ጊዜ ይጠቅማል፣ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ይጎዳል። ቆርቆሮውን ግን ጥሩ አድርጋችሁ እሰሩት። እንደ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር የሚያልፍ ከሆነ ሌላ ወሬ ነው።

እንግዳ 12፦ ኮንክሪቱ ቶሎ እንዲወርድ ውሃ ቢጨመርስ?

መሐንዲሱ፦ አይጨመር። ጥንካሬው ይወርዳል። ቫይብሬተር (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያወርድ መሣሪያ) ተጠቀሙ።

ቤት ሠሪዋ፦ ሄጄ አየሁት። ሁሉም 90 ነው፣ እየተራራቀም ታስሯል። ነገ ጠዋት ኮንክሪት ሊሞላ ነው።

መሐንዲሱ፦ ዛሬውኑ ደውለሽ አስቁሚ። ሚክሰሩ አንድ ቀን ይቆይ። የስታፋው ጫፍ ርዝመት ካለው እዚያው በቧንቧ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፣ ካጠረ ይቀየር። በኮለኑ ጫፎች ላይ የጎደለውን ስታፋ ከላይ አስገብተው ወደ ታች ያውርዱት። የነደፈው መሐንዲስ መጥቶ ፌሮውን አይቶ ሳይፈርም ካሳው (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ) አይዘጋ።