ጥያቄና መልስ፦ ያላስመዘገቡትን ስም መጠበቅ ይቻላል?

ጥያቄ፦ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ በአሜሪካ ለሚኖሩ ደንበኞች ለመላክ አስቤአለሁ። ለድረ ገጼ የመረጥኩት የዶት ኮም ስም እንዳልተያዘ በአንድ መዝጋቢ ድርጅት ገጽ ላይ አረጋገጥኩ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ልገዛው ስመለስ ግን ሌላ ሰው አስመዝግቦታል። ፍለጋዬን ያየ ሰው ወስዶብኝ ይሆን? ሁለተኛ የመረጥኩትን ስምስ እንዴት ልጠብቀው? (አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለው የአሜሪካ መዝጋቢ፣ ሰዎች በገጹ የፈለጓቸውን ያልተያዙ ስሞች ለአራት ቀናት በራሱ እጅ እያስገባ ፈላጊው ከሌላ መዝጋቢ እንዳይገዛ ማድረጉ ታውቆ ብርቱ ወቀሳ ደርሶበታል፤ ድርጅቱ ግን ደንበኞቼን ከስም ነጣቂዎች ለመከላከል ያደረግኩት ነው ብሎ ተሟግቷል። ይህን ያመቻቸው፣ በ5 ቀን ውስጥ ለተሰረዘ ምዝገባ ክፍያው ተመላሽ መሆኑ ነበር። የስሞቹን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ከገደብ በላይ ለሚሰረዙ ስሞች ገንዘቡ እንዳይመለስ ስላደረገ፣ ስምን በነፃ ይዞ የመቆየቱ ንግድ ከሞላ ጎደል ከስሟል። ስለዚህ በእርስዎ ላይ የደረሰው አጋጣሚ ሊሆንም ይችላል። በአይካን የመፈለጊያ ገጽ ስሙ የተመዘገበበትን ቀንና ሰዓት ማየት ይቻላል፤ ይህን ማወቁ ግን ስሙን አያስመልስልዎትም።

የሕጉ ነገር አጭር ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ብቻውን አይጠብቅም። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ጥበቃ የሚሰጠው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ለተመዘገበ ምልክት ነው፤ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የአይካን የክርክር ሥርዓትም አቤት ባዩ በምልክቱ ላይ መብት እንዳለው እንዲያስረዳ ይጠይቃል። በልብ የተያዘ ስም በሦስቱም ዘንድ ባለቤት የለውም።

እንግዲህ የሚቀርዎት በፍለጋና በግዢ መካከል ያለውን ጊዜ ማጥፋት ነው። እዚህ አገር ብዙ ሰው ስሙን አግኝቶ የሚዘገየው በመዘንጋት ሳይሆን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ በእጁ ስለማይኖር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ካርዱን ወይም የሚከፍልልዎትን ዘመድ ያዘጋጁ፣ ከዚያ ይፈልጉ፣ ነፃ ሆኖ ካገኙት እዚያው ተቀምጠው ይግዙ። ዘመድም ሆነ ድረ ገጹን የሚሠራልዎት ባለሙያ ቢከፍል፣ በምዝገባው ላይ የባለቤትነቱ ስምና ኢሜይል የእርስዎ መሆን አለበት፤ በባለሙያው ስም የተመዘገበ አድራሻ፣ የተጣላችሁ ዕለት ከሥራው ጋር አብሮ ይሄዳል (ይህ ከስም ነጣቂ ይልቅ ደጋግሞ የማየው ጉዳት ነው)። ማማከሩንም፣ ለወዳጅ በቴሌግራም መላኩንም፣ አርማ ማሠራቱንም ከምዝገባው በኋላ ያድርሱት። የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ቀ» በኪውም በኬይም ስለሚጻፍ፣ አቅምዎ ከፈቀደ ሁለቱንም አጻጻፍ በአንድ ቀን ያስመዝግቡ።