ልጄ ከሱቅ መልስ አጉድሎ ይመጣል፣ አባቱ «ሌባ» ይለዋል

ጥያቄሽን ላሳጥረው። ልጅሽ 8 ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል። ሱቅ ስትልኪው አንዴ 5 ብር፣ አንዴ 10 ብር ጎድሎ ይመጣል። አባቱ በር ላይ አስቁሞ ያስቆጥረዋል፣ ሲሳሳት «ወይ ሌባ ነህ ወይ ደደብ» ይለዋል። አንቺ ጣልቃ ስትገቢ ጠቡ ወደ እናንተ ይዞራል። አሁን ልጁ ሱቅ ሂድ ሲባል ሆዴን አመመኝ ማለት ጀምሯል።

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ሌብነቱ። የ8 ዓመት ልጅ ከረሜላ አምሮት 5 ብር ሊያጎድል ይችላል፣ አልክድም። ግን ከመፍረዳችሁ በፊት ባለሱቁ ምን ብሎ እንደሰጠው ረጋ ብለሽ ጠይቂው። «ዝርዝር የለም፣ ማስቲካ ውሰድ» ተብሎ ይሆናል። ትልቅ ሰው እንኳ ይሄን ዋጥ አድርጎ ይወጣል፣ አንገቱ ባንኮኒው ላይ የማይደርስ ልጅ ምን ብሎ ይከራከር?

ሌላው መቀነሱ ነው። ከ100 ላይ 65 ሲነሳ ስንት ይቀራል ስትሉት በደብተሩ የተማረው ነው የሚመጣበት፤ ከ0 ላይ 5 አይቀነስም፣ ከጎረቤት ይበደራል፣ ጎረቤቱም 0 ነው፣ እንደገና ወደ 1 ይሄዳል፣ ይሄን ሁሉ በቃሉ ይዞ፣ ያውም የተቆጣ አባት ፊት ቆሞ። ፍርሃት ለስሌቱ የሚያስፈልገውን ትኩረት ይበላበታል። ብቻውን ሲሆን የሚችለው እዚያ በር ላይ ይጠፋበታል።

ባለሱቅ እኮ አይቀንስም፣ ይጨምራል። 65 ብሎ ይጀምርና 5 ብር ሲያስቀምጥ 70፣ ከዚያ በአስር አስር 80፣ 90፣ 100። የተቀመጠው 35 ብር መልሱ ነው። አንቺም እውነተኛ ብር ምንጣፍ ላይ ዘርጊ፣ ባለ 1 ብር ሳንቲሞች፣ ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 50። እሱ ይሽጥ፣ አንቺ ግዢ። ሎሚዋ 7 ብር ናት፣ 10 ብር ስጪው፤ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ እያስቀመጠ «8፣ 9፣ 10» ይበል። ሲቀለው ወደ 50፣ ቀስ ብሎ ወደ 100። 200ዋ ትቆይ። ቦታ ስትቀያየሩ ደግሞ አንዳንዴ ሆን ብለሽ አጉድለሽ መልሺለትና ይያዝሽ። ልጅ እናቱን ሲይዝ ደስታው ሌላ ነው!

ሱቅ ስትልኪውም ዋጋውን የምታውቂው ዕቃ ይሁን፣ ስንት እንደሚመለስለት አብራችሁ አስቡና ይሂድ። ማስቲካ ከሰጡት «እማዬ ብሩን አምጣ ብላኛለች» ማለት እንደሚችል ንገሪው።

ባለቤትሽን ልጁ በሌለበት አናግሪው። የበሩ ላይ ምርመራ ይቁም። «ሌባ» ያለውን ግን ራሱ ይቅርታ ብሎ ይመልሰው፣ አንቺ ወክለሽው ብትዪ ልጁ ጆሮ ውስጥ አይገባም። ከዚያ አንድ ምሽት ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ገዢ ይሁን፣ ከአባትነቱ የሚቀንስበት ነገር የለም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላም 7 ይበልጣል ወይስ 9 የሚለው ሁሉ የሚያደናግረው ከሆነ አስተማሪውን አነጋግሪ። ቁጥር ለይቶ የሚከብዳቸው ልጆች አሉ፣ እነሱ የሚያስፈልጋቸው ድጋፍ ከዚህ የተለየ ነው።