በብስክሌት ወደ ቁልቢ፦ መልስ

ወንድሜ፣ ለታኅሣሥ 19 ከአዲስ አበባ እስከ ቁልቢ ገብርኤል በብስክሌት ለመሄድ ምን ላዘጋጅ ብለሃል። መጀመሪያ ስለ ዳገቱ ልንገርህ። መንገዱ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ አዋሽ ባመዛኙ ቁልቁለት ነው፣ እንዳያዘናጋህ። አዋሽ ያለችው 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ቁልቢ ግን ከ2,000 በላይ። ከአዋሽ በኋላ ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ከዚያም ወደ ሂርና የምትወጣው ነው ፈተናው። ስለዚህ ከአሁኑ እንጦጦን ውጣ። በሳምንት ሁለቴ፣ ልትይዝ ያሰብከውን ዕቃ ጭነህ። ባዶ ብስክሌትና ዕቃ የጫነ ብስክሌት በጭራሽ አንድ አይደሉም።

ጾመ ነቢያት ስለሆነ ስንቅህን አስብበት። እኔ በሶ ነው የምመርጠው። ጨውና ስኳር ጣል አድርገህበት ኮዳ ውስጥ በጥብጠው፤ ውኃም ምግብም ይሆንሃል። ሙቀት ላይ ቶሎ ስለሚቆመጥጥ ግን ረፋዱ ላይ ጨርሰው። መተሐራንና አዋሽን በማለዳ እለፍ፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ አይቻልም።

ሁለት የውስጥ ጎማ፣ መንፊያና ትርፍ የፍሬን ጎማ ያዝ። በዋዜማው መንገዱን እግረኛ ይሞላዋል፤ ለስለታቸው ድንጋይ ተሸክመው የሚወጡም አሉ። ስለዚህ በ17 ግባ። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ከመስመሩ ሾፌሮች ሳትጠይቅ እንዳትነሳ።